ዳረኝ ወይስ ረዳኝ

አንድ ጸሐፊ ነበረ። የእጁ ጽሕፈት ውብ ነበር፤ ችኮላው ግን ፊደል ያዘዋውርበታል። ትርሲት፣ «በዚህ የሰዎች ቃል በተጻፈበት ፋይል ውስጥ ፊደል ለማቀያየር፣ በፍለጋው ትእዛዝ ላይ የሚጻፈው ቅንፍ ምን ይሠራል? ኮምፒዩተሩን ገልብጥ ብዬ ባዝዘው አይበቃም ወይ?» ብለሽኛልና የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽ።

አንዲት ሴት ወደ እሱ መጥታ አቤቱታ አጻፈች። አባቷ ሞቶ የአጎቷ ልጆች ማሳውን ሊነጥቋት ነበር። በዚያ አገር ልማድ የተዳረች ሴት ድርሻዋን ወስዳለች ይባላል፤ እሷ ግን ባል አላገባችም። «አባቴ ታላቅ እህቴን ዳረ። ማሳውን ያቀናሁት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ረዳኝ፣ አክስቴም ረዳችኝ» አለችው። ጸሐፊው «ዳረ» የሚለው ከእጁ አልወጣ ብሎት «ወንድሜ ዳረኝ፣ አክስቴም ዳረችኝ» ብሎ ያንኑ አቤቱታ በሦስት ብራና ጻፈ።

ጎረቤቷ ቢያነብላት እየሮጠች ተመለሰች። «አለቃ፣ እኔን ደግሞ ማን ዳረኝ? ነገ እኮ ዳኛ ፊት ነኝ!»

ጸሐፊው አፈረ። ሰንጢውን አንሥቶ በአንደኛው ብራና ላይ «ዳረ» የሚለውን ሁሉ ፍቆ «ረዳ» አደረገው። ሲያነብላት «አባቴ ታላቅ እህቴን ረዳ» ሆኖ ተገኘ። ሴትዮዋ ራሷን ያዘች። «አሁን ደግሞ ውሸታም አደረጉኝ! እሷንማ አባቴ በእልልታ ነው የዳራት።» የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

እሱ ግን «ሳላቃናው ከዚህ አልነሣም» አለ። ሰንጢውን አስቀምጦ ቀይ ቀለም አነሣ። ከኋላው «ኝ» ወይም «ችኝ» ያለበትን «ዳረ» ብቻ ፈለገ። ሲያገኝ «ዳ»ን ዙሪያውን በቀይ ለብቻ አጠረ፤ «ረ»ን ለብቻ አጠረ፤ ጭራውንም፣ የትኛውም ይሁን፣ ለብቻ አጠረ። ከዚያ በኋላ ነው የፋቀው። ሁለተኛውን አስቀደመ፣ አንደኛውን አስከተለ፣ ጭራውን ባለበት ተወው። የእህትየዋን «ዳረ» አልነካም፤ ቀድሞ በፋቀው ብራና ላይ ግን መልሶ ጻፈው። ዓይኑ እንባ እያቀረረ ሦስቱንም ብራና አቃና። በማግስቱ ዳኛው አነበበ፤ ማሳውም ለሴትዮዋ ጸና።

ትርሲት፣ የአንቺም ሥራ ይኸው ነው። ጭራውን ጨምረሽ ካልፈለግሽ ኮምፒዩተሩ የእህትየዋንም ይገለብጠዋል፤ እሱ ማን እንዳገባ ምን ያውቃል? ቅንፉ ያ ቀይ አጥር ነው። የያዘውን አይጥልብሽም፤ እያንዳንዱ ቅንፍ እንደ ተራው ቁጥር አለው፤ በቁጥሩ ስትጠሪው በፈለግሽው ቦታ ይቆማል። በይ አሁን ቅንፍሽን ክፈቺ። በዚያ ፋይል ውስጥ ያሉት ሰዎች አንቺን አያውቁሽም፤ ቃላቸው ግን በእጅሽ ነው።