ይቅር ባዩ አናጢ

አንድ አናጢና አንድ ዓሣ አጥማጅ በጃፓን አገር፣ በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ይኖሩ ነበር። አናጢው ጌንዞ፣ ዓሣ አጥማጁ ቶኪቺ ይባላሉ። ከተማይቱ በዓመት አንድ ጊዜ የማጆንግ ውድድር ታዘጋጃለች። ሁለቱ ጓደኛሞች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አብረው ተወዳደሩ፤ ሃያ ሁለት ጊዜም ተሸነፉ። የከተማው ሰው "መጡ ደግሞ!" እያለ ይስቅባቸው ነበር፤ እነሱም አብረው ይስቃሉ።

ማጆንግን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሥዕል የተቀረጸባቸውን ጠጠሮች ከፊቱ ደርድሮ፣ በየተራው አንድ ያነሣል፣ አንድ ይጥላል። ራሱ ባነሣው ወይም ሌላው በጣለው ጠጠር ድርድሩን የሞላ ያሸንፋል። ጠጠሩን የጣለለት ሰው ነጥብ ይቀነስበታል። በዚያች ከተማ ግን ውድድሩ በጥንድ ስለሆነ የሁለቱ ጓደኛሞች ነጥብ ይደመራል፤ አንዱ ከሌላው ቢወስድ ከቤታቸው የሚወጣ ነገር የለም። በጨዋታው መካከል ለጓደኛ መናገርም ሆነ መጥቀስ ክልክል ነው።

አንድ ሌላ ልማድም ነበራቸው። ከውድድሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ለማንም ሰው የማሸነፊያ ጠጠር ያልጣለ ተጫዋች፣ ስሙ በአዳራሹ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጻፍለታል። የጌንዞ ስም አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ስሙ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፎ ዋንጫው አንድም ጊዜ አለመምጣቱ ሊያሳስበው ይገባ ነበር። አላሳሰበውም።

በሃያ ሦስተኛው ዓመት ቶኪቺ ክፉኛ ታመመ። ሐኪሙም የቀረው ጊዜ ቢበዛ ጥቂት ወራት መሆኑን ሳይደብቅ ነገረው።

"ወንድሜ፣ እንግዲህ ይቺ የመጨረሻዬ ናት" አለው ለጌንዞ። "አንድ ጊዜ ብቻ ዋንጫውን ይዤ ቤቴ ልግባና ሺኖ ትየኝ።" ሺኖ ሚስቱ ናት።

"ዘንድሮማ ትገባለህ፤ እምልልሃለሁ" አለ ጌንዞ። ከልቡ ነበር። ያናደደኝም ይኸው ነው፤ ከልቡ ነበር።

ያን ዓመት ለፍጻሜ ደረሱ። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር በጥቂት ነጥብ ይመሩ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ድርድሩን ከሞላ ዙሩ ያበቃል፣ ዋንጫውም የእነሱ ይሆናል። ቶኪቺ አንድ ጠጠር ጥሎ "ሪቺ" አለ። አንዲት ብቻ ቀረችኝ ማለት ነው። ጌንዞ ጓደኛው የጣላቸውን አየ፣ ገና ያልወጡትን በልቡ ቆጠረ፤ ቶኪቺ የሚጠብቃት አረንጓዴ ዘንዶ የምትባለው ጠጠር እንደሆነች ገባው። እሷም ከራሱ ከጌንዞ ፊት ተደርድራ ነበር።

ቢጥላት ሁሉም ነገር ያልቃል። ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ ለማንም አልጣለም። ለጓደኛም ቢሆን፣ የጣለ ሰው ጣለ ነው የሚባለው፤ ስሙ ዘንድሮ ሰሌዳው ላይ አይወጣም። "ደግሞ እኮ እንደሷ ያለች ሌላ ጠጠር አለች፤ ቶኪቺ ራሱ ሊያነሣት ይችላል፤ ገና ተራ አለ" አለ በልቡ። ሌላ ጠጠር ጣለ። ቀጥሎ ተራው ሲደርስም ሌላ ጣለ። ሦስተኛው ተራ ሳይደርሰው፣ ከተጋጣሚዎቹ አንዷ ራሷ ባነሣችው ጠጠር ድርድሯን ሞላች፤ ነጥባቸውም በለጠ። ዋንጫው ሄደ።

ጌንዞ ማንም ሳያይበት ጠጠሮቹን ደፍቶ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀላቸው።

"ጌንዞ" አለ ቶኪቺ ቀስ ብሎ፣ "አረንጓዴዋ አንተ ጋ ነበረች እንዴ?"

"ኧረ የለችም።"

ቶኪቺ ዓይኑን ጨፈነ። "በል ይቅር በለኝ። ሁለተኛዋን ጠጠር ስትጥል፣ እሱ ጋ ናት፣ ይዞብኛል ብዬ ጠረጠርኩህ። ሃያ ሦስት ዓመት ፊት ለፊቴ የተቀመጠን ሰው! በሽታው ነው መሰለኝ እንዲህ ክፉ ያደረገኝ።"

"ይቅር ብዬሃለሁ" አለ ጌንዞ።

እንዲህ ያለ የሚያሳፍር ይቅርታ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቶኪቺ አልጋ ላይ ዋለ። ጌንዞ እውነቱን ሊነግረው በየጠዋቱ ይሄዳል። ቶኪቺ ግን ገና ሲያየው ፊቱ ይበራል፤ ቃሉም ጌንዞ አፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። "ነገ እነግረዋለሁ" እያለ ሃያ ያህል ነገ አሳለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ሺኖ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ዓይኗ አብጧል። ቶኪቺ ጎሕ ሲቀድ አርፎ ነበር።

"ትናንት ስለ እርስዎ ሲያወራ አመሸ" አለችው። "'ጌንዞን ያለ ጥፋቱ ጠርጥሬው ወዲያው ይቅር አለኝ። እንዲህ ያለ ጓደኛ አግኝቼ ዋንጫው ቀረ ብዬ አላዝንም' አለኝ። እኔም እግዜር ይስጥልኝ ልበልዎት።"

ጌንዞ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ለእሷ እንኳ ሊነግራት ፈለገ። ቢነግራት ግን ባሏ የተወላትን የመጨረሻ መጽናኛ መንጠቅ ይሆንበታል። ባይነግራት ደግሞ ምስጋናዋን ሊቀበል ነው። ሳይነግራት ቀረ። ከዚያች ቀን ወዲህ ጨዋታም ቀረበት፣ እንቅልፍም ቀረበት፤ ምስጋናዋ ግን አልቀረለትም፤ ሺኖ ባገኘችው ቁጥር እጅ ትነሳዋለች።

ወዳጆቼ፣ ከዚህ የምንማረው ይህን ነው። ለምንወደው ሰው ነፍሳችንን እንሰጣለን እንላለን። የሚያስፈልገው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነፍሳችን ሳይሆን ጥቂት ክብራችን ነው፤ እሷን ደግሞ ቆጥበን እናስቀራለን። የበደልነው ሰው ካለፈ በኋላ እውነቱን የምናራግፍበት ቦታ የለም። ጥፋቱ የአንተ ሆኖ ሳለ ይቅርታ የጠየቀህ ሰው አለ? ዛሬ በሕይወት አለ?