ታጋዩ ገበሬና የመቀናጆው በሬ

ትግል የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው።

አንተ ስንሻው፣ የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ከተማ ጁዶ ተምሬያለሁ፤ ሰው ይዤ መጣል፣ አንገት መቆለፍ ችያለሁ፤ ከእንግዲህ መንገድ ላይ ምን ያስፈራኛል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ጁዶ የምትለውን አላየሁትም። የዚህን ሰው ነገር ግን አውቃለሁ፤ ልንገርህ።

በገበሬው አገር እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ወንዶቹ አውድማ ላይ ይታገላሉ። ትግሉ ወግ አለው። አውድማው አስቀድሞ ይጠረጋል፣ ጠጠሩ ይለቀማል፣ ገለባ ይነሰነስበታል። ታጋዮቹ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ዱላቸውን ትግሉን ከሚዳኘው ሽማግሌ እግር ሥር አጋድመው፣ ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። ዱላ ይዞ መታገል ነውር ነው፤ ያላስቀመጠ ሰው «ምነው ፈራህ?» ተብሎ ይሳቅበታል። የቀረው ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያያል እንጂ እጁን አይሰነዝርም። የጣለ ሰው የጣለውን እዚያው መሬት ላይ ይዞ ይቆያል። ሽማግሌው «ይብቃ» ሲል ይለቀዋል፣ እጁን ይዞ ያስነሣዋል፣ ከጀርባው ላይ ገለባውን ያራግፍለታል። ከዚያ አብረው ጠላ ይጠጣሉ።

በዚያ አውድማ ገበሬውን ዐሥራ ሁለት ዓመት የጣለው አልተገኘም። ሰውነቱ ትልቅ አይደለም። ወገብ አያያዝ ያውቃል። ክንዱ አንዴ አንገት ላይ ከዞረ ተመልካቹ ሁሉ «አለቀለት!» ይላል፤ እውነትም ያልቅለታል። የሰፈሩ ሴቶች «ሚስትህን ስታቅፍ እንኳ ቀስ በል፣ እንዳትሰብራት» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ሳያውቀው ግን ክንዱን አምኖ መኖር ጀምሮ ነበር። ሌሊት ጅብ ሲጮህ ሌላው በሩን ደግሞ ይፈትሻል፤ እሱ ተገልብጦ ይተኛል።

አጠገቡ ባሏ የሞተባት ሴት ትኖራለች። ሦስት ልጆች አሏት፣ አንድ በሬ አላት። እሱም ያለው አንድ በሬ ነው። መቀናጆ ናቸው፤ ሁለቱን በሬ ባንድ ቀንበር አጣምሮ መጀመሪያ የእሷን ማሳ፣ ቀጥሎ የራሱን ያርሳል። ለአራት ዓመት አንድም ቀን አልተቀያየሙም። የእሷ በሬ ቀይ፣ የእሱ ጥቁር ነው።

ኅዳር ላይ ጤፉ ታጨደ። በሬዎቹ ግን ሳር ፍለጋ ቆላ ዘመድ ቤት ተልከው ነበርና ለውቂያው መምጣት አለባቸው። ገበሬው ማክሰኞ ጠዋት ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሊወርድ ሲል ሴትዮዋ ከአጥሯ ወጣች።

«አያ፣ ሐሙስ ጨው ጫኞቹ ይወርዳሉ። ሁለት ቀን ታግሠህ ከእነሱ ጋር ብትሄድስ? መንገዱ ሰሞኑን ደኅና አይደለም አሉ።»

«ጨው ጫኞች ምን ሊያደርጉልኝ?»

«ምንም አያደርጉልህ። አብረውህ ይሄዳሉ።»

«እኔን ማን ይጥለኛል ብለሽ ነው?»

«እሱንማ አላልኩም» አለች። «ያለኝ አንድ በሬ ነው ነው የምልህ።»

ገበሬው ሳቀ። ሰላም ዋዪ ብሏት ወረደ።

ቁልቁለቱን ሲጨርስ ማሽላው ደርሶ ነበር። ማሽላ ጠባቂዎች ከሸለቆው ማዶ፣ ከእንጨት በሠሩት ማማ ላይ ተቀምጠው፣ ወፍና ዝንጀሮ በወንጭፍ ያባርራሉ። «እንዴት ዋላችሁ» አላቸው። «ደኅና ዋልክ፤ ብቻህን ነህ?» አሉት። «ብቻዬን ነኝ» አለና አለፈ።

እዘመዱ ቤት አድሮ በማግስቱ በሬዎቹን እየነዳ ተመለሰ። ውሃው ከደረቀ አንድ ወንዝ ላይ ሲደርስ ከአንድ ግራር ሥር ሁለት ሰዎች ወጡ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። አጭሩ እጁ ላይ ገመድ ጠምጥሟል።

«በሬዎቹን ተዋቸውና መንገድህን ቀጥል» አለ ረጅሙ። ድምፁ የቁጣ አይደለም፤ ሥራው ላይ እንዳለ ሰው ነው።

«እኔን ታውቀኛለህ?» አለ ገበሬው።

«አላውቅህም። ምነው፣ ዘመድ ነን?»

«እስከ ዛሬ የጣለኝ የለም።»

ረጅሙ ወደ አጭሩ ዞረ። «ሰማህ? የጣለው የለም አሉ።» ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ «በል ና!» አለ።

ገበሬው ያን ጊዜ ያደረገውን ስማኝ። ጋቢውን አወለቀ። አጠፈው። ዱላውን ከትከሻው አውርዶ ጋቢው ላይ አጋደመው። አስቀምጥ ያለው ሰው የለም፤ እሱም አላሰበበትም። ዐሥራ ሁለት ዓመት «በል ና!» በተባለ ቁጥር ያደረገውን ነው ያደረገው። ባዶ እጁን ገባ።

ገባና ጣለው። ያን የመሰለ ትግል አውድማ ላይ ታግሎ አያውቅም። በግራው ወገቡን ጠምዝዞ፣ በእግሩ ጠልፎ፣ ረጅሙን ሰው እንደ ነዶ አንሥቶ መሬት ላይ አሳረፈው፤ ክንዱንም አንገቱ ላይ አዞረ። መሬቱ ግን ገለባ የለውም። የገዛ ጉልበቱ ድንጋይ ላይ ወደቀና ሕመሙ እስከ ወገቡ ወጣ። ቢሆንም አለቀቀም። ይዞ ጠበቀ።

ምን እንደሚጠብቅ ታውቃለህ? «ይብቃ» የሚለውን ሽማግሌ። ጆሮው ያንን ነው የሚጠብቀው። የሚለው ሰው አልነበረም።

በዚህ መሐል ዱላ ቀኝ ትከሻው ላይ አረፈ። ዞር ብሎ ቢያይ አጭሩ ሰው ቆሟል። የያዘው የገበሬውን ዱላ ነው፤ ከጋቢው ላይ አንሥቶት።

«ተው እንጂ! አንድ ለአንድ ነው!» አለ ገበሬው።

አጭሩ ከልቡ ገረመው፤ ዱላውን እንዳነሣ ቆመ። «የምን አንድ ለአንድ? ሁለት ሆነን እኮ ነው የመጣነው፤ አይታይህም?» አለና እዚያው ትከሻ ላይ ደገመው። የገበሬው ቀኝ ክንድ ደነዘዘ። በግራው ግን የረጅሙን አንገት እንደ ቆለፈ ነው። አጭሩ ዱላውን ጣለና ወደ በሬዎቹ ሄደ። ሁለቱንም በገመዱ ቀንዳቸው ላይ አሰረና ይነዳቸው ጀመር።

ያን ጊዜ ከሥር የተያዘው ሰው ትንፋሽ እያጠረው ሳቀ። «ያዘኝ ወንድሜ» አለው። «አጥብቀህ ያዘኝ፤ እንዳትለቀኝ።»

ገበሬው ያን ጊዜ ገባው። ያሸነፈው ሰው በእጁ ነው፤ በሬዎቹ ግን እየሄዱ ነው። ካልለቀቀ በሬ የለም። ከለቀቀ ደግሞ ይህ ረጅም ሰው ይነሣል፤ አጭሩም ይመለሳል፤ የእሱ ግማሽ ሰውነት አይሠራም። ሰውየውን የያዘውን ያህል ራሱ ተይዟል። ቀዩ በሬ አንገቱን አዙሮ ሲያየው አየ። ሦስቱ ልጆች ታሰቡት።

እሪ ማለት እንዳለ አልረሳም። ያፍር ነበር። ነገ በየአውድማው «ታጋዩ ጮኸ» ሊባል ነው። እንደዚያ እያሰበ ትንሽ ቆየ። በሬዎቹ ግራሩን ሊያልፉ ሆነ።

ለቀቀው። ከላዩ ተነሣና እያነከሰ በሬዎቹን እየተከተለ ባለ በሌለ ድምፁ «ኡኡ! የሰው ያለህ! ኡኡ!» አለ።

ሸለቆው ድምፁን ተቀበለው። ከማዶ፣ ከማሽላው ማማ፣ አንድ ሰው «ወዴት ነው?» ብሎ መለሰ፣ ሌላው ተከተለ፣ ወንጭፍ ጮኸ፣ ድንጋይ እየመጣ ደረቁ ወንዝ ላይ ይወድቅ ጀመር። ረጅሙ ሰው ወደ ኋላው አላየም፤ ሮጠ። በሬዎቹ ደንግጠው ገመዱን በጠሱት፤ አንዱ ቁልቁል ሲበር አንዱን አጭሩ አፈፍ አድርጎ ወደ ጫካው ይዞት ገባ።

ጠባቂዎቹ አምስት ሆነው ደረሱ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ፈለጉ። የተገኘው ጥቁሩ ነው።

ከጠባቂዎቹ አንዱ የገበሬውን ክንድ በነጠላው ጨርቅ እያሰረለት ጠየቀው። «ምነው አያ፣ ገና ሲመጡብህ ለምን አልጮህክም? ይኸው ቅርብ ነበርን።»

«ይዤው ነበር።»

«ይዘኸውስ ምን ልታደርገው ነበር?»

ገበሬው አሰበ። እውነቱን ነው፣ አስቦት አያውቅም። አውድማ ላይ ይዞ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም።

ጠባቂዎቹ ያን ሌሊት እነሱ ዘንድ አሳድረው ጠዋት እስከ ዳገቱ ሸኙት። ሰፈሩ ሲደርስ ሴትዮዋ አጥሯ ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ያየችው ክንዱን ነው። «ምነው ምን ሆንክ? ማነው የመታህ?» አለች።

«ወንበዴ ነው። ሰውየውን ግን ጣልኩት» አለ።

«ጣልከው። እሺ፣ ጎበዝ ነህ» አለች። ከኋላው ያለውን ጥቁር በሬ አየች፤ ከእሱ ኋላ ያለውን መንገድ ደግሞ አየች። «በሬዬስ?»

ገበሬው ጥቁሩን በሬ እየነዳ በደጇ ገባና ቀዩ በሬ ይታሰርበት ከነበረው ግንድ ላይ አሰረላት። ልትመልስለት ብትከራከርም እምቢ አለ። ዘመዶቿ ለውቂያው ሌላ በሬ አውሰው ከጥቁሩ ጋር አቀናጁላት። እሱ የራሱን ጤፍ በአንድ እጁ እየደበደበ ወቃ፤ እስከ ጥር አልጨረሰም። ቀኝ እጁ ከዚያ ወዲህ ከጆሮው በላይ አልወጣም።

ነገሩ ይኸው ነው ስንሻው። ሰውየው ትግል አልቻለበትም አላልኩህም። ከማንም በላይ ይችልበታል፤ በዚያችም ቀን አሸንፏል። አንተ የተማርክበት ቤት ፍራሽ እንደተነጠፈበት ነግረኸኛል። አስተማሪው ፊሽካ ይዟል፤ ጓደኞችህ ግድግዳ ተደግፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ የሚገጥምህ አንድ ነው፤ በቃኝ ሲል ትለቀዋለህ። ይህም አውድማ ነው። አውድማ ጥሩ ነገር ነው፤ ሰውነት ያፍታታል፣ ሰው ያግባባል። መንገድ ላይ የሚመጣብህ ሰው ግን ከአንተ ጋር የተስማማው ነገር የለም። ስንት ሆኖ እንደመጣ፣ ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ አይነግርህም። ሁለት እጅህን አንድ ሰው ላይ ጨርሰህ መሬት ስትተኛ ሌላው ከየት እንደሚመጣ አታይም። ደግሞ ሰው የያዝክ እንደሆነ አንተም ከያዝክበት ቦታ መነሣት አትችልም።

«እና ልተወው ጋሼ?» ልትል አፍህን ስትከፍት አየሁህ።

አትተወው። ብዙ ደክመህበታል። ሰው ቢይዝህ ለመላቀቅ፣ ብትወድቅ ቶሎ ለመነሣት ይሁንህ። ከተነሣህ በኋላ ሩጥ፤ ጩኽ፤ እቃ ከሆነ የሚፈልጉት ስጣቸው። በዚህ የሚስቅብህ ካለ እኔ ዘንድ ላከው።

ቅዳሜም ገበያ ስትወርድ ብቻህን አትሂድ። እኔ አለሁ። ዝግ ብዬ ነው የምሄደው፤ ትጠብቀኛለህ።