እማሆይ ማንጠግቦሽ ለምስጋና የወጡ ዕለት

አንዲት አሮጊት ነበሩ። ባላቸው ካረፈ በኋላ ቆብ ደፍተው፣ በልጃቸው ግቢ ውስጥ በተሠራች ጎጆ የሚኖሩ ሴት። የተወለዱትም፣ የተዳሩትም፣ ያረጁትም እዚያው ገጠር ነው። እማሆይ ማንጠግቦሽ ይባላሉ። ታሪካቸውን የነገረችኝ የልጅ ልጃቸው ፈንታነሽ ናት። ስትነግረኝ እያለቀሰች ትስቅ ነበር፤ እኔም እንደዚያው ብሆን አትፍረዱብኝ።

እማሆይ ታመሙ። ልጃቸው አስማረና የመንደሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው ከመኪና መንገድ አደረሷቸው። ከተማ የምትሠራው ፈንታነሽ ተቀብላ ሐኪም ቤት አስገባቻቸው። ሐኪሞቹ መርምረው ሲያበቁ፣ "ከእንግዲህ ቤታቸው ቢያርፉ ይሻላል" አሉ። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ተመልሰው ቤት እንደገቡ ጎረምሶቹ የቃሬዛውን ጠፍር መፍታት ጀመሩ።

"ተዉት፣ አትፍቱት። ገና እፈልገዋለሁ" አሉ እማሆይ።

ሰዉ ሁሉ ለቀብራቸው መሰለው። ፈንታነሽ ፊቷን አዞረች።

"ምን ያስለቅስሻል? ሳልሞት ነው የምፈልገው። ስሞትማ አገሩ ሁሉ መጥቶ ስለ እኔ ያወራል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ አንደበት የለኝም። አሁን አንደበት ሳለኝ ለሰዉ የምለው አለኝ። በየቤቱ አድርሱኝ።"

ወገኖቼ፣ የታመመ ሰው ይጠየቃል። እኚህ ሴት ግን በሞት አልጋቸው ላይ ሆነው ጠያቂ ሆኑ!

በማግስቱ ጠዋት ተነሡ። አስማረ ከፊት፣ ጎረምሶቹ ከጎንና ከኋላ፣ ፈንታነሽ የውሃ ኮዳ ይዛ። መጀመሪያ የሄዱት ሰው በሩቁ ከሚያልፋት ከሸክላ ሠሪዋ ደጅ ነው። "አራስ ሆኜ፣ ዘመድ ሳይደርስልኝ፣ ውሃ የቀዳሽልኝ አንቺ ነሽ። አልረሳሁትም። እግዜር ይስጥልኝ" አሏት። ሴትዮዋ የምትገባበት ጠፋት። በዕድሜዋ ሙሉ ደጇ ድረስ መጥቶ ያመሰገናት ሰው አልነበረማ!

ወደ ደብሩ ቄስ ሄዱ። "አባ፣ ስብከትዎ መቼም ረዥም ነው። ግን ሴት ልጄ የሞተች ጊዜ አንድ ቃል ሳይናገሩ አጠገቤ ተቀምጠው ዋሉ። ያን ቀን እርስዎ ባይኖሩ አብድ ነበር" አሏቸው። እኔን ሰባኪያችሁን ቢያገኙኝ ኖሮ የመጀመሪያውን ብቻ ብለውኝ እንዳያልፉ እፈራለሁ።

እንዲህ እያሉ ከቤት ቤት ዞሩ። ፀሐይ ስትበረታ ከአንድ ማሳ ዳር ደረሱና እጃቸውን ወደ ማዶ ዘረጉ። "አሁን ወደ ቸኮል ቤት።"

አስማረ ቆመ። ቃሬዛውንም አስወረደ።

አያ ቸኮል ማነው? ጎረቤታቸው ነው፤ የአስማረ ባላንጣ። ድንበር ገፋ፣ አልገፋም ተባብለው ተካሰው፣ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፤ አንዱ በምሥራቅ በር ከወጣ ሌላው በምዕራብ በር ይወጣል።

"እናቴ፣ እዚያ ቤትስ አልረግጥም" አለ አስማረ። "መሬቴን የበላ ሰው ነው። ለምኑ ነው የምታመሰግኚው?"

"ይህቺን ልጅ እያት" አሉ ወደ ፈንታነሽ እያመለከቱ። "ይህቺ ልጅ ከየት መጣች?"

አስማረ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ።

"አንተ ለሥራ ቆላ ወርደህ ሳለ ሚስትህ ምጥ ጸናባት። ክረምት ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። ቃሬዛውን ከፊት ይዞ ውሃው ውስጥ የገባ ማነው? ውሃው ደረቱ ላይ ደርሶ ሲያንገዳግደው ያልለቀቀ ማነው? ታውቃለህ እኮ! ስትመለስ እግሩ ላይ ወድቀህ ነበር። የድንበሩ ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። ድንበሩ መጣና ያን ቀን በላብህ።"

"እናቴ..."

"መሬቱን ወስዶብህ ይሆናል። ልጅህን ግን ሰጥቶሃል። ካላደረስከኝ በደረቴ እየተሳብኩ እሄዳለሁ።"

ፈንታነሽ ይህን ሁሉ የሰማችው ያን ዕለት ነው። ያን ሰው ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጠላው ኖራለች። አባቷ ሲጠላ አይታ።

አስማረ ጎንበስ አለ። ቃሬዛውን አነሣ።

አያ ቸኮል ደጁ ላይ ሞፈር ሲጠርብ ደረሱበት። አስማረን ሲያይ መጥረቢያውን ይዞ ተነሣ፤ ቃሬዛው ላይ ማን እንዳለ ሲያይ መሬት ላይ ጣለው።

"እማሆይ! ምነው? እኔ መምጣት ሲገባኝ!"

"ላመሰግንህ ነው የመጣሁ። ይህቺ ያን ጊዜ በእናቷ ሆድ ወንዝ ያሻገርካት ናት። ተምራ፣ ሠርታ፣ ይኸው እኔን ታስታምማለች። አንተ ባትኖር እሷም እናቷም ባልነበሩ። እግዜር ውለታህን ይክፈልልኝ።"

አያ ቸኮል ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ "የድንበሩስ ነገር እማሆይ?" አለ።

"እሱን ከእግዜርህና ከልጄ ጋር ጨርስ። እኔ ለምስጋና እንጂ ለሙግት አልመጣሁም።"

ሲመለሱ አያ ቸኮል ማንም ሳይጠይቀው የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ተሸከመ። ከአስማረ ጎን። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ እርምጃቸው ግን አንድ ነበር።

እማሆይ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ከፈንታነሽ ጋር ሲያወሩ፣ በሰላም። ድንበሩስ? ትሉኛላችሁ። ሽማግሌ ተቀመጠበት፤ ጊዜም ፈጀ፤ ቸኮል ግማሹን መለሰ፤ አስማረም ግማሹን ተወ። በቀብራቸው ዕለት ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አፈር መለሱ። ፈንታነሽ ያን ሰው "አባባ" ብላ ትጠራዋለች።

እናንተስ? የማን ውለታ ነው ጠብ የበላባችሁ? ያ ሰው ያስቀየማችሁን ቀን ሰዓቱን ሳይቀር ታስታውሳላችሁ። የደረሰላችሁን ቀንስ? የእግዚአብሔርንስ ነገር እንዴት አድርገናል? አንድ ነገር ሲከለክለን፣ በየማለዳው የሚሰጠንን እስትንፋስ ረስተን ፊታችንን አላዞርንበትም? በዚያ ሁሉ ኩርፊያችን መካከል እሱ ፀሐዩን ከልክሎን ያውቃል?

አሁን በልባችሁ ስሙ የመጣባችሁ ሰው አለ። እኔ አላውቀውም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ እሱ ሂዱ። "ምን ፈልጎ መጣ?" ይል ይሆናል፤ ይበል። ምንም አትፈልጉ፤ አመስግኑትና ተመለሱ። ሞቶ ከሆነም ልጁን ፈልጉና፣ "አባትህ እንዲህ አድርጎልኝ ነበር" በሉት። ልጁ ይህን ሳይሰማ አድጎ ይሆናል።