በልጁ ፊት ላይ ጸበል የረጨው ግንበኛ

የአምላክ እናት ወዳጆች ሁላችሁ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙ፤ እመቤታችን ለአንድ ግንበኛ ያደረገችውን ተአምር እነግራችኋለሁ፤ የምንሰማበትን ልብ እርሷ ታለስልስልን፤ አሜን።

በአንዲት ከተማ ዳር እንየው የሚባል ግንበኛ ነበረ፤ እመቤታችንንም እጅግ ይወድ ነበርና ጧት ጧት ለሥዕሏ ሳይሰግድ መዶሻ አያነሣም ነበር፤ በበዓሏም ቀን ድንጋይ ላይጠርብ ተስሎ ነበርና በሰፈሩ ስሙ የተመሰገነ ነበር፤ እርሱም መመስገኑን ይወድ ነበር። ውድነሽ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረችው፤ ከተወለደች ጀምሮ በልቧ ቀዳዳ ነበረባትና ጥቂት ስትሮጥ ከንፈሯ ይጠቁር ነበር። ከዚያም ሐኪሞች ደረቷን ከፍተው ቀዳዳውን ደፈኑላት፤ በአፏ የገባው ቱቦም ወጣላትና የኦክስጅን ጭንብል ብቻ ቀረላት።

አሰገደች የምትባል ነርስም አባቷንና እናቷን ጠርታ "አደራችሁን፤ ልቧ ተደፍኗል፤ የሳንባዋ ደም ሥር ግን ገና ደንባራ ነው። ከደነገጠች ወይም ካለቀሰች ጥርቅም ይልና ደም አላሳልፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ልናጣት እንችላለን። አትቀስቅሷት፣ አታስለቅሷት" አለቻቸው። እንየውም በአፉ "እሺ እኅቴ" አለ፤ በልቡ ግን "ልጄን ያመማት መንፈስ ነው፤ እነዚህ የመንፈስን ነገር ምን ያውቃሉ" አለ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ሚስቱ ደብሬ ከደጅ ነበረች፤ ነርሷም መድኃኒት ልታመጣ ዞር አለች። እንየውም ከጋቢው ሥር የጸበል ጠርሙስ አወጣና ጭንብሉን ገለጥ አድርጎ፣ በጸበል ቦታ እንደ ለመደው፣ ድንጋይ በሚሸከም እጁ በቀዝቃዛው ውሃ ፊቷን መታው። ልጅቱም ባንና ጮኸች። እርሱ ግን የጮኸው ያደረባት መንፈስ መሰለውና ደስ ብሎት "ልቀቅ! ማን ነህ? ተናገር!" እያለ ደገመ። ከዚያም ጩኸቷ ድንገት ቆመ፤ ከንፈሯም እንደ ኑግ ጠቆረ፤ ዓይኗም ተገለበጠ።

እርሱም ፊቷን በጋቢው ጠርጎ፣ ጭንብሉን መልሶ፣ ጠርሙሱን ደብቆ፣ "ኧረ ድረሱ!" ብሎ ጮኸ። ሐኪሙና ነርሷ ሮጠው ገቡና እርሱን ወደ ውጭ አወጡት።

"ማን ነካት?" አለ ሐኪሙ።

"ማንም፣ ዶክተር! አሁን ለአፍታ ዞር ከማለቴ…" አለች ነርሷ።

"ለምን ዞር ትያለሽ? አክታ ዘግቷት ነው፤ ምጠጪላት!"

ነርሷም እንባዋ እየወረደ ቀጭን ቱቦ በጉሮሮዋ አስገባች፤ ልጅቱ ግን ባሰባት። እንየውም በበሩ መስታወት ይህን ሁሉ ያይ ነበር። ደብሬ መጥታ ጋቢውን ይዛ "ምን ሆነችብኝ? አንተ አጠገቧ አልነበርህም ወይ?" ብትለው "እኔ እንጃ" አላት። ሊጸልይም አፉን ከፈተና የእመቤታችንን ስም መጥራት አፈረ።

ቀና ሲልም ሰማያዊ የለበሰች ሴት በልጁ ራስጌ ቆማ አየ፤ ሌሎቹ ግን አላዩአትም፤ እርሱም ዘወትር የሚሰግድላት ናትና አወቃት። እርሷም "እንየው፣ ልጄ በስደት መንገድ ፈርቶ ሲያለቅስ አቅፌ አባበልሁት። ውሃው የልጄ ነው፤ ምቱ ግን ያንተ ነው። ይህች ሴት ባንተ ሥራ ስትወቀስ ዝም ትላለህን? ንገራቸው" አለችው።

እርሱም በሩን ከፍቶ ጠርሙሱን አወጣና "እኔ ነኝ! እርሷን ተዋት! ተኝታ ሳለች ጸበል ረጨሁባት፤ ስትጮህም ደገምሁባት" አለ። ደብሬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ሐኪሙም "ደንግጣ ነው እንጂ አክታ አይደለም! ቱቦውን አውጪ፤ ኦክስጅኑን ጨምሪ፤ የሚያስተኛትን ስጫት፤ ደም ሥሩን የሚያላላውንም ጋዝ ክፈቱ፤ ከዚያ ማንም እንዳይነካት!" አለ። ነገር ግን የልቧ ምት እየራቀ ሄደ። ያን ጊዜ እመቤታችን ጎንበስ ብላ እጇን በልጅቱ ደረት ላይ አኖረችና እንደ እናት እሹሩሩ አለቻት፤ የልቧም ምት ተመለሰ፤ ከንፈሯም ቀስ በቀስ ቀላ። ሐኪሙ "መድኃኒቱ ያዘላት" አለ፤ እውነቱን ነው፤ መድኃኒቱን ማን እንደ ባረከው ያየ ግን እንየው ብቻ ነው።

ከዚያም በነርሷ እግር ላይ ወደቀ። እርሷም "ይነሡ፣ ይነሡ! የዶክተሩን ቁጣስ ለምጄዋለሁ፤ ጠርሙሱን ግን ወዲህ ይበሉ" አለችው። ልጅቱ በበረታች ጊዜም ነርሷ ራሷ ጠርሙሱን መለሰችለትና "በጣት ጫፍ ብቻ" አለችው። እርሱም ጣቱን አርሶ ቢቀርብ ልጁ እጁን አየችና በአንሶላ ተሸፈነች። ይህም ከሁሉ ይልቅ አሳፈረው፤ ጠርሙሱንም ለደብሬ ሰጥቶ ወደ ጥግ ሄደና አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ወደ ቤታቸውም ከተመለሱ በኋላ፣ በእመቤታችን በዓል፣ ውድነሽ ወደ እርሱ መጣችና "አባዬ፣ ቀስ ብለህ" ብላ ያን ሻካራ ጣቱን ራሷ ይዛ በግንባሯ ላይ አኖረችው። እርሱም አለቀሰና በሕዝብ መካከል ቆሞ ተአምሯን ከነኃፍረቱ ተናገረ።

እርሱን አሳፍራ ያዳነች እመቤት እኛንም እጃችን ሳይከብድ ትመልሰን፤ ሕመምተኞች ሕፃናትን በሰላም ታስተኛልን፤ የሚጠብቋቸውንም ታበርታልን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።