የምስሩ ጤዛና የሹሙ ነጋሪት

በድሮ ዘመን፣ ሰውና አውሬ ቁጭ ብለው በሚነጋገሩበት ጊዜ፣ በአንድ ጥቁር አፈር ቁልቁለት ላይ እህትና ወንድም ይኖሩ ነበር። እህትየው ማሬ ትባላለች። ወፍ ሳይንጫጫ ትነሳለች። ወንድምየው ደርበው ይባላል። ፀሐይ ጀርባውን ሳታሞቀው እጁ አይፈታም። እናትና አባታቸው ሞተዋል። የቀረቻቸው አንዲት ትንሽ የምስር ማሳ ናት። ሌላ የላቸውም። ይህን ያዙልኝ።

የዚያ አገር ገዥ ሹም ጓንጉል ይባል ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥርዓት ይወዳል፣ ያለጊዜው የሚመጣ ዝናብ ይፈራል። አማካሪው ዝንጀሮ ነበር። ዝንጀሮ ጉንጩ ሰፊ ነው። ጣቱ ቀጭን ነው። ሆዱ አይጠግብም። ይህንንም ያዙልኝ።

ኅዳር ገባ። ዝናቡ ቆመ። ሰማዩ ከፍ አለ። ትናንት አረንጓዴ የነበረው ቁልቁለት ማንም ሳያዘው ቢጫ ሆነ። መጀመሪያ ገብሱ፣ ቀጥሎ ምስሩ፣ በመጨረሻ ጤፉ። ማን ተራ እንዳወጣላቸው የሚያውቅ የለም። እኔ ስንት መኸር አይቻለሁ፣ እስካሁን ቆሜ አያለሁ።

በዚያ አገር ሰውም እንደ እህሉ ነበር። በማለዳ የሚነሱት በማለዳ ምስር ይነቅላሉ። ፀሐይ የሚጠብቁት በፀሐይ ይወቃሉ። ከሰዓት በኋላ እጃቸው የሚፈጥነው ከሰዓት በኋላ ያዘራሉ። ሁሉም ሰውነቱ በሚለው ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ግን ማንም አይናገርም። አባቶች ሠርተው ያሳያሉ እንጂ አያስረዱም። ችግሩም ከዚያ መጣ።

አንድ ቀን ዝንጀሮ ሹሙ እግር ሥር ተቀመጠ።

«ጌታዬ፣ ሰውህን አየኸው? አንዱ ሲነሳ አንዱ ይተኛል። አንዱ ሲወርድ አንዱ ይወጣል። ይህ አገር ነው ወይስ ጭልፊት የበተነው ጫጩት?»

«ምን ይሻላል ታዲያ?» አለ ሹሙ።

«አንድ ነጋሪት። ቀትር ላይ ይመታ። ሁሉም አብሮ ይውረድ፣ አብሮ ይንቀል፣ አብሮ ይመለስ።»

«ለምን ቀትር?»

«በቀትር ጥላ የለም ጌታዬ። ጥላ ከሌለ የሚለግም የለም።»

ሹሙ ሳቀ። ነገሩን ወደደው። አዋጅም አስነገረ። ከነጋሪቱ በፊት ማሳ የገባ መሬቱን ይነጠቃል። ከነጋሪቱ በኋላ ቤቱ የቀረ መሬቱን ይነጠቃል።

ሰዉ ተያየ። «ይህማ አይሆንም» ያለ ነበር። «ለምን አይሆንም?» ሲሉት ግን መልስ አጣ።

ማሳው በየተራ፣ በቀን አንድ ይነቀል ተባለ። በመጀመሪያው ቀን ተራው የአባ ሽበሺ ነበር። ነጋሪቱ ድም አለ። ሰዉ በቀትር ወረደ። ምስሩን ያዘና ሳብ አደረገ። ጠሽ። ምስር ፍሬዋን በትንሽ ከረጢት ነው የምትይዘው። ከረጢቷ በፀሐይ ስትደርቅ፣ ሲነኳት ትፈነዳለች። ጥቁር አፈር ደግሞ ዝናብ ሲያቆም ይሰነጠቃል፣ ጣት ያስገባል። ፍሬው ሁሉ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። አባ ሽበሺ ገለባ ተሸክሞ ገባ። ሰዉ ሲሄድ ማን ወረደ? ዝንጀሮ። በቀጭን ጣቱ እየለቀመ ጉንጩን ሞላ።

በሁለተኛው ቀን ተራው የእማማ ዘርፌ ነበር። ነጋሪቱ ድም አለ። ሰዉ በቀትር ወረደ። ጠሽ፣ ጠሽ። እማማ ዘርፌ መሬት ላይ ተንበርክካ ስንጥቁን በስንጥር ጎረጎረች። አንድ እፍኝ አላገኘችም። «ዓመቱን ምን ልበላ ነው?» አለች።  ሰዉ ሲሄድ ማን ወረደ? ዝንጀሮ።

ሦስተኛው ቀን የእህትና የወንድም ተራ ነበር።

በዋዜማው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ማሬና ደርበው ማሳቸው ዳር ቆሙ።

«ነገ በቀትር ከነካናት አለቀች» አለች ማሬ። «እኔ በጤዛ ልነቅላት ነው።»

«እትዬ፣ መሬቱን ይነጥቁናል።»

«መሬቱ ቢቀር ፍሬው ከሌለ ምን እንበላለን? አፈር?»

ደርበው ማሳውን አየ። ከዚያ «እኔም አብሬሽ እወርዳለሁ» አለ።

«አንተ? አንተን ፀሐይ ካላበሰለችህ ማን ያስነሳሃል? እንደ እንሽላሊት ድንጋይ ላይ ነው የምትውለው።»

«አንቺ ደግሞ ከአውራ ዶሮ ጋር ተጣልተሽ ነው እንዴ፣ በየቀኑ የምትቀድሚው?»

ማሬ ሳቀች። ቀጥላ ግን አዘዘችው። «አትውረድ። በብርድ እጅህ ከነካሃት ግማሹን ትጥለዋለህ። ውድማውን ለቅልቀህ ጠብቀኝ። የእኔ ሥራ ሲያልቅ ያንተ ይጀምራል።»

ጎህ ሲቀድ ማሬ ወረደች። ጤዛው በማሳው ላይ ተኝቷል። ከረጢቶቹ ርሰው ለስልሰዋል። ሳብ ታደርጋለች፣ ድምፅ የለም። ሳብ ታደርጋለች፣ ድምፅ የለም። እየታቀፈች ወደ ውድማው ወሰደች። ፀሐይ ወጥታ ጤዛው መድረቅ ሲጀምር አንድ ጥግ ቀርቷት ነበር። አቆመች። ልትጨርስ አልተስገበገበችም። እጇን አራግፋ ወደ ቤቷ ገባች።

ነጋሪቱ ድም አለ። ሰዉ በቀትር ወረደ። ከአንድ ጥግ በቀር ማሳው ባዶ ነው።

«አየህ ጌታዬ?» አለ ዝንጀሮ። «ነጋሪትህን ናቁት። ንጠቃቸው። መሬቱን ለእኔ ብትሰጠኝ እጠብቀዋለሁ።»

ሹም ጓንጉል ፊቱ ጠቆረ። «የታሉ እነዚህ ልጆች?»

«ውድማው ላይ ናቸው» አለች እማማ ዘርፌ።

ሹሙ ወደ ውድማው ወጣ፣ ሕዝቡም ተከተለው። ውድማው በእበት ተለቅልቆ እንደ ገበታ ለስልሷል። ምስሩ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። ደርበው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ በትሩን ይዞ ቆሟል። አይመታም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው ሹሙ።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ዝም በሉልኝ» አለ ደርበው።

ዝም አሉ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። መጀመሪያ አንድ ቦታ ጠሽ አለ። ቀጥሎ ሌላ ቦታ። ቀጥሎ ውድማው በሙሉ፣ ማንም ሳይነካው፣ ራሱን እየከፈተ ይንጣጣ ጀመር። የሰኔ የመጀመሪያ ጠብታ በደረቅ ቅጠል ላይ ሲወርድ ሰምታችኋል? እንደዚያ ነው።  አባ ሽበሺ ቆቡን አወለቀ። ያቺ ማሳ ላይ ያጠፋቻቸው ፀሐይ እዚህ ሥራቸውን እየሠራችላቸው ነበር።

ድምፁ ሲሳሳ ደርበው የቀረውን በበትር ወቃ። አንድም ፍሬ መሬት አልዋጠውም።

ሹሙ ግን ሹም ነው። ቃሉን በሰው ፊት አይሽርም። «ማን ነቀለው? መቼ?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ በጤዛ» አለች ማሬ። «አዋጅዎን ጥሻለሁ። አንድ ጥግ ቀርቷል። ነገ ጎህ ሲቀድ ይምጡና በእጅዎ ይንቀሉ። ከረጢቷ ከፈነዳች አገሩን ለቀን እንሄዳለን።»

«እመጣለሁ» አለ ሹሙ። ዝንጀሮንም «አንተም ትመጣለህ» አለው።

በማግስቱ ሹም ጓንጉል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ማሳ ወረደ። ደርበውም መጥቷል፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እያዛጋ። ዝንጀሮም መጥቷል፣ ጉንጩ አብጦ።

ልጆች፣ ያን ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። ጭጋጉ ከወንዙ ተነስቶ ቀስ ብሎ ወጣ። ከኋላው ብርሃኑ መጣ። በእያንዳንዷ ከረጢት ጫፍ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ተንጠልጥላለች። ብርሃኑ ሲደርስ ጠብታዎቹ ሁሉ ባንዴ አበሩ። ቁልቁለቱ ዓይኑን የገለጠ መሰለ። ሹሙ ጫማውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ አንዷን ምስር ያዘ፣ ሳበ። ድምፅ የለም። ሁለተኛ ሳበ። ድምፅ የለም። ሦስተኛ ሳበ። ፍሬዋ ከነከረጢቷ እጁ ላይ ቀረች።

«በየቀኑ እንዲህ ነው?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«በየቀኑ ነው ጌታዬ» አለች ማሬ።

ደርበው ማዛጋቱን ትቶ ነበር። እሱም አይቶት አያውቅም።

ሹሙ ወደ ዝንጀሮ ዞረ። «አንተ ይህን ታውቅ ነበር?» ዝንጀሮ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «ታዲያ ለምን ቀትር አልከኝ?» ዝንጀሮ ትከሻውን ሰበቀ። «አፍ የለህም? ተናገር፣ አለዚያ ከደጄ ትወጣለህ።» ዝንጀሮ አፉን ከፈተ። ከአፉ ቃል አልወጣም። የአባ ሽበሺ ምስር ወጣ። የእማማ ዘርፌ ምስር ወጣ። እንዳይያዝበት በሌሊት ሁሉንም ጉንጩ ውስጥ ጠቅጥቆት ኖሯል። ፈሶ ፈሶ እግሩ ሥር ተቆለለ።

ሹም ጓንጉል አልጮኸም። ገደሉን በጣቱ አሳየው። ዝንጀሮም ሄደ። ይኸው እስከ ዛሬ ገደል ውስጥ ነው የሚያድረው። ማሳ ሲገባም ወደ ኋላው እያየ ነው።

ምስሩ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። መሬቱ ለእህትና ለወንድም ጸና። ነጋሪቱስ? ለእሳትና ለጎርፍ ብቻ እንዲመታ ተባለና ተሰቀለ። ብዙ ጊዜ እሳትም ጎርፍም ስላልመጣ፣ የማሬ ዶሮ ሥሩ እንቁላል ትጥልበት ጀመር።

ነገሩ ይህ ነው። ምስርን ጤዛም ፀሐይም ይሠራታል፣ ሁለቱ ግን ባንድ ሰዓት አይመጡም። ሰውም እንዲሁ ነው። የራስህን ሰዓት እወቅ፣ የሌላውንም አትናቅ። የምትሠራውን ለምን እንደምትሠራው ለልጅህ ንገር። አባቴ አልነገረኝም ነበር። እኔ ነገርኳችሁ።

ተረቱ እዚህ ላይ ቆመ። ነገ የሚነቀለው የእኛ ምስር ነው። ማን በጤዛ እንደሚወርድ፣ ማን ውድማ እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ። እኔ ማንንም አልቀሰቅስም።