ዳልቺትና ረጅሙ ሌንስ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ካሜራ አንገታቸው ላይ ማንጠልጠል በለመዱበት ዘመን፣ ዳልቺት የምትባል አህያ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ጨው ስትሸከም ትውልና ማታ ወገቤን ትላለች። ይህ አልበቃ ብሎ በዚያ ሰሞን ሌላ ጭንቀት መጣባት። በሜዳው የሚግጡ ውርንጭሎች፣ ለዐይን ያዝ ሲያደርግ፣ አንድ በአንድ ይጠፉ ጀመር። የእሷም ልጅ የሚግጠው እዚያው ነው፤ ሌላ ሣር ያለበት ቦታ የለም።

የሚበላቸው ጅብ መሆኑን ከኮረብታው ላይ ሆና በዐይኗ አይታ ከሰሰችው። አያ ጅቦ ግን ዳኛው አንበሳ ፊት ቀርቦ «ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ ሥጋ ከተውኩ ቆየሁ» ብሎ ማለ። አንበሳም ፎቶ ካላመጣሽ በወሬ አልፈርድም ብሎ ዳልቺትን አሰናበታት።

ካሜራስ ነበራት። ችግሩ ሌንሱ ነው። ከኮረብታው ላይ ስታነሳ ጅቡ ቁንጫ አክሎ ይወጣል፤ ልጠጋ ብትል ደግሞ እራቱ እሷው ራሷ ልትሆን ነው። ስለዚህ ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ለመግዛት ቆረጠች። በጨው ጭነት ያጠራቀመችው ገንዘብ የሚበቃው ግን ለአንድ ያገለገለ ሌንስ ብቻ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ጫናዋን እንኳ ሳታራግፍ ገበያ ገባች። ቀበሮ ከዋርካው ሥር ያገለገሉ ዕቃዎች ዘርግቶ ይሸጣል። በእሷ አቅም የሚገዙ ሁለት ሌንሶች አወጣላት። አንደኛው ክንድ የሚያህል ረጅም፣ በቆዳ ማኅደር የተቀመጠ ነው። ሁለተኛው አጭር፣ ወፍራም፣ መስተዋቱ ሰፊ ነው። ዳልቺት የትኛው አብልጦ እንደሚያቀርብ ጠየቀችው። ቀበሮ መቼም እውነት ከሸጠለት ውሸት አያባክንም።

«ረጅሙ ነዋ፣ እሜቴ። ማዶ ያለው ጭልፊት ዐይኑን ሲያርገበግብ ታይበታለሽ። አጭሩ የዚያን ግማሽ እንኳ አያቀርብልሽም።»

ሌንሱን የዕቃ ሣጥን ላይ አስደግፎ አሳያት። እውነትም የጭልፊቱ ላባ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። የአጭሩ ሰፊ መስተዋት ለምን እንደሚጠቅም ብትጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ።

«እሱማ ብርሃን ሰብሳቢ ነው። በዚህ ፀሐይ ላይ ምን ያደርግልሻል?»

ምስኪን፣ ሥራዋ ያለው በዚያ ፀሐይ ላይ እንዳልሆነ ማሰብ አቃታት። እግሯ ዝሏል፣ ጀርባዋ ይቃጠላል፣ ቶሎ ገዝቶ መሄድ ብቻ ነው የፈለገችው። ረጅሙን ይዛ ሄደች።

ያን ዕለት ማምሻውን ኮረብታው ላይ ወጣች። አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ብቅ ሲል አነጣጠረች፤ ነገር ግን በሌንሱ ውስጥ ጨለማ እንጂ ሌላ አይታይም። ዕቃው ይከብዳል፣ ጨው ስትሸከም ውላ ቀጥ አድርጋ ልትይዘው አልቻለችም። እሷ ስትታገል ጅቡ የጎረቤቷን የቦሪትን ውርንጭላ አንጠልጥሎ ሄደ። አንበሳ በማግስቱ ፎቶውን አገላብጦ አየና ይህ ጅብ ነው ወይስ የጭስ ደመና ብሎ መለሰላት።

ሌንሱን ልትመልስ ወደ ቀበሮ ተጎተተች። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም አላት። እሷ ስትለምን አያ ጅቦ እያነፈነፈ ደረሰ። ገበያ ላይ መበላላት ክልክል ስለሆነ ሁሉም እንደ ጨዋ ነው የሚቆመው። የጅቡን አፍንጫ የሳበው የቆዳ ማኅደሩ ነበር፤ ለቁርበት ሲባል የማይሆነው የለም። ከነማኅደሩ የሰጠኝ ሰው አንድ የበግ ወርች አለው ሲል፣ ቀበሮ የተሸጠ ዕቃ እንደሚመለስ ወዲያው ትዝ አለው። ረጅሙን ነጥቆ አጭሩን ለዳልቺት ወረወረላት። ጅቡ ማኅደሩን እዚያው ቆርጥሞ ሌንሱን ቦይ ውስጥ ጣለው። ምን እንደሸጠ የገባው ቀበሮ ብቻ ነው፤ ምን እንደገዛ ግን ጅቡ እስከ ዛሬም አልገባውም።

ማምሻውን ዳልቺት ካሜራዋን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ጠበቀች። ጅቡ ወጣ። በአጭሩ ሌንስ መጠኑ አነስ ብሎ ነበር፤ ቢሆንም ዝንጉርጉሩ፣ ጥርሱ፣ ወደ ልጇ የዘረጋው አንገቱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፎቶ አነሳችውና ባላት ኃይል አናፋች። ውርንጭሎቹ ሸሹ፤ ልጇም ከሁሉም ቀድሞ ቤት ገባ።

አንበሳ ፎቶውን አይቶ አያ ጅቦን ከአገር አባረረው። ዳልቺት ልትወጣ ስትል ግን አንድ ነገር ጠየቃት።

«ይህን ባለፈው ለምን አላመጣሽም?»

ዳልቺት ወደ ቤቷ ስትመለስ ቦሪት ደጅ ቆማ ጠበቀቻት፤ ጅቡ መባረሩን ሰምታ ኖሮ አንገቷን አቅፋ አመሰገነቻት። ዳልቺት ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ልጇ ወደ እናቱ እየሮጠ ሲመጣም፣ ቦሪት እንዳታየው ብላ ቶሎ ወደ ውስጥ አስገባችው።

ከዚህ የምንማረው በትንሽ አቅም ዕቃ ስንገዛ ሻጩ የሚያሳየንን ሳይሆን የእኛን ሥራ፣ ሰዓቱንና ቦታውን፣ አስቀድመን ማሰብ እንዳለብን ነው፤ ደክሞን የሳትነውን አንዳንዴ የሚከፍልልን ሌላ ነውና።