ልብ ሌባዋና የዋሌላ አጥሚት

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!
ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? ራት አልበላችሁም? በሉ ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን፣ ከባሕር ማዶ በቸሮኪዎች አገር፣ ዋሌላ የምትባል ምላሰ ምላጭ አሮጊት ነበረች። ባሏ ዮና ታመመና አልጋ ላይ ዋለ።

በዚያ አገር ቁራ መሳይ የሚሉት፣ ሰው መስሎ ከሰው መሐል የሚኖር ክፉ መንፈስ አለ። ሰው ሲያጣጥር እንደ ቁራ እየጮኸ ይመጣና ልቡን ሰርቆ ይበላል። የሟቹንም ቀሪ ዕድሜ ለራሱ ይወስዳል። ከአዋቂ በቀር የሚያየው የለም። ማንነቱ ከታወቀ ግን አለቀለት፤ ሳምንት አይቆይም።

ደግሞ በዚያ አገር ከየቤቱ ደጃፍ የበቆሎ አጥሚት በማሰሮ ይቀመጣል። የገባ ሁሉ ሳይቀምስ ቢያልፍ ነውር ነው። የዋሌላን ማሰሮ የምታራቁተው ጎረቤቷ ኩዋና ነበረች። መቼ እንደተወለደች የሚያስታውስ የለም። ጠጥታ ስታበቃ ጭልፋውን በጥፍሯ ከርር ከርር አድርጋ ትፍቃለች።

አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቁራ ጮኸ። አዋቂው ሩቅ መንደር ሄዷል። ዮናን ሊጠይቁ የመጡት ዋሌላን «አይዞሽ» አሏትና እግሬ አውጪኝ አሉ። ከዚያም በሩ ተከፈተ። የገባ ሰው ግን አይታይም። ዮና ማቃሰት ጀመረ።

ዋሌላ ዱላዋን ይዛ አልጋው ፊት ቆመች። ፈርታለች፤ አፏ ግን ወይ ፍንክች!
፦ የማነህ ቀላዋጭ? የዚህ ሽማግሌ ልብ እንደ አሮጌ ጫማ ነው፤ ጥርስህን ያረግፈዋል!

ጭልፋው ብቻውን ተነሣና ማሰሮው ውስጥ ገባ። ፉት! ደግሞ ፉት! ከዚያም ከርር ከርር አለ።

ዋሌላ ዱላዋን አነሣች።
፦ ኩዋና! አንቺ ሆዳም!

ኩዋና እንደ ደረቀ በርበሬ ተጨማዳ ታየች። ጭልፋው እጇ ላይ ነው።
፦ ውይ ዋሌላዬ! ሳልቀምስ ባልፍ ነውር ይሆናል ብዬ እኮ ነው!
፦ የባሌን ልብ መብላቱስ ነውር አልሆነብሽም? ውጪ ከቤቴ!

ኩዋና ወጣችና ሳምንት ሳይሞላት ሞተች።

ዮና ግን ያኔውኑ ዓይኑን ገለጠና ቀና አለ።
፦ አንቺ ሴትዮ፣ ራበኝ። አጥሚት የለም እንዴ?
፦ ጎረቤትህ ጨርሳዋለች። እኔ ያተረፍኩት ልብህን ነው፤ ሆድህ ይታገሥ!

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በአጥሚት አርሱ። ጭልፋ የሚፍቅ ከሰማሁ ግን ስሙን ነው የምጠራው!